የወደቀ ሁሉ ከሳሽ ሲሆን



የአንባብያን ደብዳቤ በሚወጣበት በዚህ ዐምድ ላይ ስለ ጥፋትና ስለ ኀላፊነት ያለኝን አሳብ እንድገልጽ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በከተማችን፥ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሻይ ቤት፥ በታክሲ ሰልፍም ላይ ቢሆን ሁለት አነጋገሮች ከሰው አፍ አይጠፉም። አንደኛው «ክሰሰው!» የሚለው ነው። ሁለተኛው «መንግሥት ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱንም የሚናገራቸው ሰው አስቀድሞ «እኔስ ምን አድርጌ ነበር?» ብሎ ራሱን አልጠየቀምና።

ይህ ጠባይ እኛ ዘንድ ገና ጀማሪ ነው። ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ቀድመውን የሄዱትን አሜሪካኖች መመልከት ይጠቅማል። (የእነርሱን ነገር የምጽፈው በኤሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አንዲት አሮጊት በራሷ እጅ ትኩስ ቡና ደፍታ ባለ ሚሊዮን ሆነች የሚባለውን ቀልድ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተማሪዎቼም ያወሩታል። ነገሩ ግን እንደሚተረከው አይደለም። በ1992 በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ በምትባል ከተማ የ79 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሴት ማክዶናልድ ከተባለው ምግብ ቤት ቡና ገዝተው በቆመ መኪና ውስጥ ክዳኑን ሲከፍቱ ጭናቸው ላይ ተደፋባቸው። ቡናው በሴንቲግሬድ ከ82 እስከ 88 የሚደርስ ሙቀት ነበረውና ቃጠሎው ቆዳቸውን ዘልቆ ሆስፒታል ተኝተው ከሌላ የሰውነታቸው ክፍል ቆዳ እስኪለጠፍላቸው አደረሳቸው። በመጀመሪያ ለሕክምናና ለመሳሰለው የጠየቁት 20,000 ዶላር ነበር። ኩባንያው 800 ዶላር ልስጥ አለ። በ1994 ነገሩ ለፍርድ ሲቀርብ ኩባንያው ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ወደ 700 የሚያህል የቃጠሎ አቤቱታ ደርሶት እንደ ነበረ ታወቀ። ጁሪ የሚሏቸው የሕዝብ ፈራጆች ጉዳቱን 200,000 ዶላር ገመቱት፤ ነገር ግን ከመቶ ሃያው እጅ የሴትዮዋ የራሳቸው ጥፋት ነው ብለው 160,000 አደረጉት። ለኩባንያው መቅጫ ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩበት። ዳኛው መቅጫውን ወደ 480,000 ዝቅ አደረገው፤ በመጨረሻም ባለጉዳዮቹ ተስማምተው በምስጢር ጨረሱት።

እኔ ሰው የእጁን ያግኝ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ቢሆንም በእኚህ ሴት መሳለቅ ተገቢ አይመስለኝም። እንዲያውም ከፍርዱ ሁሉ ያስደሰተኝ ያች ከመቶ ሃያ እጅ ናት። የተቃጠለ ሰው እንኳ ከጥፋቱ ድርሻ አለው፥ ድርሻውንም ይቀበላል ማለት ነው። ጥፋትን እንዲህ በሚዛን የሚያካፍል ዳኝነት ሲገኝ ማለፊያ ነው። ችግሩ የመጣው ዓለም ሃያውን እጅ ረስቶ ሚሊዮኑን ብቻ በማስታወሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በዋሽንግተን ከተማ አንድ ሰው፥ ያውም በሙያው የአስተዳደር ዳኛ የሆነ፥ በ2005 ሱሪውን ለልብስ ንጽሕና ቤት ሰጥቶ ሱሪዬ ጠፋ አለ። ባለ ሱቆቹ ከኮሪያ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በሱቃቸው ላይ «ደንበኛችንን እናረካለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ነበርና፥ አልረካሁም ብሎ ስለ አንድ ሱሪ 67 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ኋላም ወደ 54 ሚሊዮን አወረደው። በ2007 ተረታ። ሱቆቹ ግን በሙግቱ ወጪና ድካም ምክንያት ነገሩ የተነሣበትን ሱቅ ዘጉት። በዚያ አገር ልማድ የተረታ ሰው የረቺውን የጠበቃ ዋጋ እንደ ወትሮው አይከፍልም፤ ስለዚህ ያለ አንዳች እውነት የሚከስ ሰው እንኳ ባላጋራውን ማክሰር ይችላል። የእኛ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሙግቱን ኪሣራ ማን እንዲከፍል ለመወሰን ለዳኛው ሥልጣን መስጠቱ በዚህ በኩል እጅግ የተሻለ ነው።

እንደ ገና በ2002 በኒው ዮርክ በሁለት ወጣት ልጃገረዶች ስም ያንኑ ምግብ ቤት «አወፈረን» የሚል ክስ ቀረበበት። ዳኛው በ2003 አቤቱታውን ሲዘጋ፥ ምግቡ ሲበዛ እንደሚጐዳ እያወቀ አብዝቶ የበላን ሰው ከገዛ ሆዱ ማዳን የሕግ ሥራ አይደለም የሚል አሳብ ሰጥቷል። ነገሩ ግን በይግባኝ ተነሥቶ ብዙ ዓመት ተጐተተ። በ2004 ደግሞ የአሜሪካን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ስለ መወፈር ምግብ ሻጮችን መክሰስን የሚከለክል ረቂቅ በ276 ድምፅ ለ139 አሳለፈ፤ ረቂቁ በላይኛው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ሰው ለገዛ አፉ ኀላፊ ነው ለማለት 415 እንደራሴዎች ድምፅ መስጠት ያስፈለጋቸው መሆኑን ሳስብ፥ ያለ ምክር ቤት ይህን ያስተማሩኝ አያቴ ትዝ ይሉኛል።

ሰው ለአፉ ኀላፊ አይደለሁም ካለ ግን ሌላ ኀላፊ መገኘቱ አይቀርም። በ2012 የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ባቀረቡት አሳብ መሠረት የከተማው የጤና ቦርድ በምግብ ቤትና በመሳሰለው ስፍራ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ከግማሽ ሊትር ጥቂት በሚያንስ ልክ እንጂ በዚያ በሚበልጥ ዕቃ እንዳይሸጥ ደነገገ። ከንቲባው ክፉ አስበው አይደለም፤ ለሕዝባቸው ጤና ብለው ነው። ነገር ግን ደንቡ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው በ2013 ዳኛ አገደው፤ በ2014ም የግዛቲቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ እንዲህ ያለውን ነገር መወሰን ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ሥራ እንጂ የጤና ቦርድ ሥልጣን አይደለም ብሎ ፈጽሞ ሻረው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ፍርድ ደጋግመን ብናነበው ይጠቅመናል። መሥሪያ ቤት ለመልካም ነገር ሲል እንኳ ከተሰጠው ሥልጣን እንዳያልፍ ያስተምራልና።

የነገሩ አካሄድ እንግዲህ እንዲህ ነው። ሰው ጥፋቱን ከትከሻው አውርዶ ለሌላ ያሸክማል። ያ የተሸከመው ወገን፥ ኩባንያም ይሁን መንግሥት፥ ለጥፋቱ ጠያቂ ካለበት ጥፋቱ እንዳይደርስ መከልከል አለብኝ ይላል፤ በዚህም አይፈረድበትም። የሚጠየቅበትን ነገር ሳያዝበት እንዴት ይኖራል? ስለዚህ «መንግሥት ምን ይሠራል?» እያለ የሚጮኸው ሰው ዛሬ የሰጠውን ኀላፊነት ነገ በመመሪያ መልክ ይቀበለዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «መንግሥት ምን አገባው?» ብሎ ያማርራል።

በአገራችን ሙግት እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ስለ ርስት ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቱ፥ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ኖረዋል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ ያ ባለ ጭብጦ የሚፈልገው እውነቱ እንዲታወቅለት ነው፤ በቅሎዪቱ በፍርድ ከሄደች ዝም ይላል። አሁን አሁን የምንለማመደው ክስ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጭብጦ ጠፋብኝ ብሎ በቅሎ ለማግኘት መሞከር ነው።

ሕጋችንም ቢሆን ለዚህ የተሠራ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ይሁኑ እንጂ፥ ከእኛ ጠባይ ጋር የሚስማማ ብዙ ነገር አለበት። በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሰውን የጐዳ ይካስ ይላል። ባለ መኪናን በመሰለ ጊዜ ደግሞ ባያጠፋም እንኳ በኀላፊነት ይይዘዋል፤ ይህም ስለ ተጐጂው የታሰበ ነውና አልቃወመውም። ነገር ግን በቁጥር 2098 ተጐጂው ራሱ ለጉዳቱ ምክንያት የሆነ እንደ ሆነ ካሣው ይቀነስበታል ይላል፤ ከላይ ያመሰገንኋት ከመቶ ሃያ እጅ እኛም ዘንድ አለች ማለት ነው። በቁጥር 2068ም፥ በስፖርት ጨዋታ ላይ ሰው ቢጐዳ ተንኰል ወይም ከባድ የጨዋታ ደንብ መተላለፍ ከሌለ በቀር ያጋጠመው ኀላፊ አይሆንም። የሕሊና ጉዳት ካሣ ደግሞ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ወስኖታል። ያን ጊዜ ሺህ ብር የዋዛ ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ ደኅና ጫማ ስለማይገዛ ልኩ ከፍ ይበል የሚሉ ቢኖሩ እስማማለሁ፤ ልኩ ይጥፋ ቢሉ ግን አልስማማም።

«ታዲያ ደካማው ሰው መብቱን በምን ያስከብር?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ክስ ይቅር አላልሁም። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ተነሥቶ ሳይመለስ ቀርቶ በጨለማ የወደቀበት ሰው መክሰሱ ትክክል ነው፤ ክዳኑን የማስመለስ ሥራ የተሰጠው ሰው ነበረና። ይልቅስ የሚያሳዝነው፥ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሲፈለግ አለመገኘቱ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ራሳችን ወደ ደመወዝተኞቹ ይመጣል።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን እንመልከት። አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል። ጉዳዩ የሚወሰነው በዚያው ክፍል ኀላፊ እንደ ሆነ ደንቡ በግልጥ ይናገራል። ኀላፊው ግን «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብሎ ይጽፍበታል። የሚመለከተው ክፍልም «አስተያየት ይሰጥበት» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ አምስት ሰው ይፈርማል፤ አምስት ሰው የፈረመበት ነገር ማንም እንዳልፈረመበት ይቈጠራል። ደብዳቤው ሲወጣ ለስድስት መሥሪያ ቤት ግልባጭ ይደረጋል፤ ለማሳወቅ ሳይሆን ነገ ጠያቂ ቢመጣ «እነ እገሌም ያውቁ ነበር» ለማለት ነው። ባለጉዳዩ በዚህ መካከል ሦስት ወር ይመላለሳል። ይህን የሚያደርገው ሰው ሌባ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ትሑትና ቤቱን አክባሪ ሰው ነው። ፍርሃቱ ግን ከሌባው የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። ስለ ሥራው ሊጠየቅ የማይፈልግ ሹም ዜጋው ስለ ራሱ ይጠየቅ ብሎ ሊመክር አይችልም።

ሌላም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይታወጅ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላም ሰው እንዳይሸጥ ከለከለ። የማስታወቂያውን መከልከል በሙሉ ልቤ ደግፌዋለሁ፤ ሻጩን በአደባባይ እንዳይሰብክ ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነውና። ነገር ግን ማታ ማታ በሰፈሬ ግሮሰሪ በር ላይ የማየው ልጅ ዐሥር ዓመት እንኳ አይሞላውም፤ ባዶ የቢራ ጠርሙስ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ሙሉውን ተቀብሎ ይሄዳል። ባለ ግሮሰሪው አዋጅ ጥሷል፥ ይቀጣ። የላከው አባት ግን በሶፋው ላይ ተቀምጦ ስለ ወጣቱ መበላሸት በቴሌቪዥን የሚሰጠውን ውይይት ያዳምጣል። እርሱን የሚመለከት አዋጅ እንዲወጣ አልጠይቅም፤ በየሳሎኑ ተቈጣጣሪ ይመደብ ማለት ይሆናልና። የምጠይቀው ተነሥቶ ራሱ እንዲገዛ ነው።

ስለ ትምህርት ቤት ጥቂት ልናገርና ልጨርስ። እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ጓደኛችን በኳስ መስተዋት ቢሰብር ርእሰ መምህሩ አባቱን አልጠሩም፤ ኳሱንም አልወሰዱም። ልጁ አራት ቅዳሜ ግቢ ጠርጎ የመስተዋቱን ዋጋ ከፈለ፤ አምስተኛው ቅዳሜ ከእኛ ጋር ተጫወተ። አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት፥ ስሙን አልጠራውም፥ ባለፈው ዓመት አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት ትቶ በኋላ አጥር ዘሎ ሊወጣ ሲል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አባትዬው መጥተው ትምህርት ቤቱን እከሳለሁ አሉ። ዩኒት ሊደሩ አጥሩ ሁለት ሜትር እንደሚበልጥ፥ በሩም ዘበኛ እንዳለበት ቢያስረዷቸው አልሰሙም። ክሱ እስከ ዛሬ አልቀረበም። አስተዳደሩ ግን ደነገጠ። ከአጥሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የእግር ኳስ ጨዋታ በዕረፍት ሰዓት ተከለከለ፤ በየዓመቱ የሚደረገው የሩጫ ውድድርም «ለጥንቃቄ ሲባል» ተሰረዘ። አንድ ልጅ ስለ ዘለለ ከሺህ የሚበልጡ ልጆች እንዲቀመጡ ተፈረደባቸው።

በሚቀጥለው የወላጅ፥ የተማሪና የመምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ጨዋታው እንዲመለስ፤ አጥር የዘለለ ተማሪ ክንዱ ቢሰበርም ባይሰበርም በደንቡ እንዲቀጣ፤ ክልከላውን የወሰነው ሰውም በኮሚቴ ስም ሳይሆን በገዛ ስሙ ፈርሞ ምክንያቱን በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ። የስፖርት መምህሩ ከእኔ ጋር ይስማማሉ፤ ዐሥራ ሁለቱ ኳሶች በንብረት ክፍል ተቈልፎባቸው አየራቸው እየወጣ ነው።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ