የዘገየው ቀን ሒሳብ ለማን ይላካል?

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ጽሑፍ በአገራችን ከሱቅ ግድግዳ ጠፍቶ አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ከጎኑ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚል ሌላ ጽሑፍ ይለጠፋል። ቀልዱን ወደ ጎን ትተን ነገሩን ስንመረምረው ግን ደንበኛ ንጉሥ የሚሆነው ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ሲችል ብቻ እንደሆነ እንረዳለን። ሌላ ሱቅ በሌለበት፣ ወይም ወደ ሌላው እንዳይሄድ ሕግ ባገደበት ቦታ፣ ንጉሡ ደጅ ጠኚ ይሆናል። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይም ይኸው ነው፤ የዓለም አቀፍ ጭነትና ሎጂስቲክስ ሥራ በአገራችን ለደንበኛው የቆመ ሥራ የሚሆነው መቼ ነው?

ጉዳዩ የነጋዴዎችና የትራንዚተሮች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። አይደለም። ወደብ የሌላት፣ ከወጪና ገቢ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በአንዲት ጎረቤት አገር በር የምታመላልስ አገር ዜጎች ነን። ማዳበሪያው በወቅቱ ደረሰ አልደረሰ፣ መድኃኒቱ ተገኘ አልተገኘ፣ ቡናው በውሉ ቀን ተጫነ አልተጫነ የሚለው ጥያቄ ሁሉ በዚያ በር ያልፋል። ስለዚህ ሎጂስቲክስ ለእኛ ፖለቲካ ነው፤ ያውም የዕለት እንጀራ ፖለቲካ።

ነገሩን ከሩቅ፣ ከሺሺንዳ ልጀምር። ሺሺንዳ በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሺሺንዳ ገበሬ ቡና እንግዲህ የባሕር ጠረን ከማሽተቱ በፊት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ይጓዛል። ጉዞው ርቀት ብቻ አይደለም። ገበሬው እሸት ቡናውን ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል፣ ወይም አድርቆ ጀንፈሉን ይሸጣል። ከዚያ ቡናው በአቅራቢው በኩል ቦንጋ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ይሄዳል፤ አለዚያም በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ወደ ካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን። ቀጥሎ አዲስ አበባ አለ፤ ማበጠሪያው፣ ቅምሻው፣ የባንክ ሰነዱ፣ ጉምሩኩ። ቀጥሎ ባዶ ኮንቴይነር ፍለጋ፣ ቀጥሎ የጭነት መኪና ፍለጋ፣ ቀጥሎ የመርከብ ቦታ። በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ አንድ ወረቀት የያዘ አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው «ነገ ይምጡ» ባለ ቁጥር አንድ ቀን ይጨመራል።

ያ አንድ ቀን ስንት ያወጣል? ለአብነት ያህል እናስላው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ኪሎው በ6 ዶላር ተሸጠ እንበል። በኮንቴይነሩ ውስጥ 115,200 ዶላር ተቀምጧል። ላኪው ቡናውን የገዛው በባንክ ብድር ከሆነና ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ከሆነ፣ ኮንቴይነሩ በቆመ በእያንዳንዱ ቀን 47 ዶላር ያህል ይነድዳል። በአንድ ወር 1,420 ዶላር። በኪሎ ከ7 ሳንቲም በላይ ነው። በዚህ ላይ የመጋዘን ኪራዩ፣ የኮንቴይነር ማቆያው ቅጣት፣ ያመለጠው መርከብና በመዘግየቱ ውሉን የሰረዘው ገዢ አልተቆጠሩም።

ዋናው ጥያቄ ይህን ሒሳብ የሚከፍለው ማነው የሚለው ነው። ገዢው አይከፍልም፤ ዋጋው የኒውዮርክ ገበያን ተከትሎ የሚቆረጥ እንጂ የእኛን መንገድ እየተመለከተ የሚጨምር አይደለም። ባንኩ አይከፍልም፤ ወለዱን ይሰበስባል። አጓጓዡ አይከፍልም፤ ታሪፉን ይቀበላል። ላኪው አስቀድሞ ሊዘገይ እንደሚችል ስለሚያውቅ ሥጋቱን ከመግዣ ዋጋው ላይ ይቀንሳል። አቅራቢው ደግሞ በተራው ይቀንሳል። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የቀረው የሺሺንዳ ገበሬ ግን የሚቀንስበት ሌላ ሰው የለውም። ጅቡቲን አይቶ የማያውቅ፣ ትራንዚተር የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው የወደቡን መዘግየት ከኪሱ ይከፍላል። በእኔ እምነት የዓለም አቀፍ ጭነት ሥራ እውነተኛ ደንበኛ ደረሰኙ በስሙ የተቆረጠለት ድርጅት ብቻ አይደለም፤ የዘገየው ቀን ሒሳብ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያስተምረን ነገር አለ። ቦንጋ የካፋ መንግሥት በነበረበት ዘመን የሩቅ ቅፍለት መዳረሻ የሆነች የንግድ ከተማ ነበረች። ከጎጃምና ከጊቤ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር። እነዚያን ቅፍለቶች የሚመራው ሰው ነጋድራስ ይባል ነበር፤ የነጋዴ ራስ፣ የነጋዴ መሪ ማለት ነው። መንገድ የሚመርጥ፣ ከየባላባቱ ጋር የሚደራደር፣ ተከታዮቹን ከነዕቃቸው የሚያደርስ ሰው ነበር። በኋላ ዘመን ግን፣ በተለይ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ገበያ የሚቆጣጠርና ቀረጥ የሚሰበስብ የመንግሥት ሹም መጠሪያ ሆነ። ማዕረጉ ያው ነው፤ ፊቱ ግን ዞሯል። ለነጋዴው ሲል መንገድ ይከፍት የነበረው ሰው፣ ለመንግሥት ሲል መንገድ ላይ የሚቆም ሆነ። የዛሬዎቹን የሎጂስቲክስ ተቋሞቻችንን ጠባይ ስመለከት ይህ የአንድ ቃል ታሪክ ይታወሰኛል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ አለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አንድ በር ብቻ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ በክረምት የባሮ ውኃ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ቡና ጭነው ወደ ካርቱም ይወርዱ ነበር። በምሥራቅ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ነበረ። ነጋዴው ያመዛዝን ነበር፤ አንዱ ቢያስመርረው ወደ ሌላው ያይ ነበር። የጋምቤላው ጣቢያ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ አከተመ። አሰብም እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጫር ተዘጋብን። ከውጭ አንድ በር ቀረን።

በዚህ በአንድ በር ላይ ከውስጥ አንድ በረኛ የጨመርነው እኛው ነን። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ከደረቅ ወደቦችና ከማሪታይምና ትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነ። በዚያው ጊዜ የኮንቴይነር ገቢ ጭነት በመልቲሞዳል ሥርዓት፣ በዚሁ በአንድ ድርጅት አማካይነት፣ እስከ ሞጆና ሌሎች ደረቅ ወደቦች እንዲገባ ተደረገ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ ለማዳን፣ ጅቡቲ ላይ የሚከፈለውን የወደብ ኪራይ ለመቀነስ፣ ዕቃው ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ኃላፊ እጅ እንዲሆን ታስቦ ነው። በሠለጠነው ዓለም የሚሠራበት አሠራርም ነው። ልዩነቱ በዚያ ደንበኛው ኦፕሬተሩን ይመርጣል፤ እኛ ዘንድ ሥርዓቱ ደንበኛውን ለኦፕሬተሩ መደበለት።

«ይህ የአስመጪ ጉዳይ ነው፤ ቡና ላኪውን ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ኮንቴይነሩ ያገናኘዋል። ቡና የሚጫንበት ኮንቴይነር በአብዛኛው ገቢ ዕቃ ይዞ የመጣው ነው። ገቢው ጭነት ጅቡቲ ወይም ሞጆ ላይ በተከማቸ ጊዜ ላኪው ባዶ ኮንቴይነር አያገኝም። አስመጪው ደጅ ሲጠና ላኪውም አብሮ ይጠናል።

በሩ ከዚያ ወዲህ መከፈት ጀምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ የውጭ ባለሀብቶች ከአገር ውስጥ ባለሀብቶች ጋር እስከ 49 በመቶ ድርሻ ይዘው በሎጂስቲክስ ዘርፍ እንዲሳተፉ ፈቀደ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የግል ድርጅቶች በመልቲሞዳል ኦፕሬተርነት እንዲገቡ መንገዱ ተጠርጓል። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ የበረኛው ቁጥር መጨመር ብቻውን ደንበኛውን ንጉሥ አያደርገውም። አንድ ደጅ የሚጠናው ሰው ሦስት ደጅ ሊጠና ይችላልና።

ለደንበኛው የቆመ የጭነት ሥራ በፈገግታና በካላንደር ስጦታ አይለካም። መለኪያው በእኔ አስተያየት አራት ነው። አንደኛ፣ ዋጋውን ከነሙሉ ወጪው አስቀድሞ ይናገራል፤ «ሌላ ደግሞ ነበረ» እያለ በየኬላው አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ጭነቱ የት እንዳለ ሳይጠየቅ ይነግራል፤ መጥፎ ዜናን ከሁሉ በፊት ያደርሳል። ሦስተኛ፣ ጥቂት ያለውን ደንበኛ አይንቅም፤ 50 ጆንያ ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ያለውን ማኅበር ከሌሎች መሰሎቹ ጋር አሰባስቦ በአንድ ኮንቴይነር ይጭንለታል። አራተኛና ዋነኛው፣ ላዘገየው ቀን ይከፍላል።

ይህ አራተኛው ከአሜሪካ የመጣ ቅንጦት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመልቲሞዳል ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 548 ኦፕሬተሩን ለጠፋ፣ ለተበላሸና ለዘገየ ዕቃ ተጠያቂ የሚያደርግ መርሕ ይዟል። ሕጉ በመደርደሪያ ላይ አለ። ነገር ግን አማራጭ የሌለው ደንበኛ ነገ ተመልሶ የሚለምነውን ድርጅት ዛሬ አይከስም። ለዚህ ነው ምርጫና ተጠያቂነት አይነጣጠሉም የምለው። ምርጫ ያለው ሰው ብቻ ነው መብቱን የሚጠይቀው፤ መብቱ የሚከበርለት ሰው ብቻ ነው ምርጫው ትርጉም የሚኖረው።

የተቃራኒውን ወገን ክርክርም ማንሳት ይገባል። «የግል ድርጅት ትርፍ ወዳለበት ይሄዳል፤ አዲስ አበባና ሞጆ ላይ ትልልቆቹን ደንበኞች ይሻማል እንጂ ሺሺንዳ ድረስ ማን ይወርዳል?» ይላሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ካርታ ላይ በጅማና በጉራፈርዳ በኩል ወደ ዲማ የተሰመረው የባቡር ሐዲድ እንኳ እስከ ዛሬ መሬት አልነካም፤ ያን ሐዲድ የግል አጓጓዥ ሊዘረጋው አይችልም። የመንግሥት ሥራ ግን እዚሁ ላይ ነው። ሠርቶ ማትረፍ በሚቻልበት ቦታ ተፎካካሪውን ከማገድ ይልቅ፣ ገበያው በማይደርስበት ቦታ መሠረቱን ይጣል። ቦንጋ ላይ ቡና ተበጥሮ፣ ተቀምሶ፣ በጉምሩክ ታሽጎ በቀጥታ ወደ ጅቡቲ የሚነሳበት ማዕከል ቢኖር ስንት ማረፊያ ይቀንስ ነበር! ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት፤ የክልል ከተማነት ከቢሮ ታፔላ ያለፈ ትርጉም ካለው እንዲህ ያለው ነው። ገበሬው በበኩሉ ብቻውን ደንበኛ መሆን አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ከአጓጓዥ ጋር ተደራድሮ የዘገየውን ቀን ሒሳብ መልሶ ሊልክ የሚችለው ዩኒየኑ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛም እንዲገለጽ ያዛል። ተግባራዊነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ሐሳቡ አልተነሳም። የካፋ ገበሬ በደን ጥላ ሥር ቡና የሚያመርት፣ ደኑም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበለት ሰው ነው። በዚህ ሕግ ከማንም በፊት ሊጠቀም ይገባው ነበር። ነገር ግን ቡናው በመንገድ ላይ ከሌላው ከተቀላቀለ፣ ሰነዱ በአንዱ ማረፊያ ከጠፋ፣ የደኑ ታሪክ ከቡናው ጋር ጀርመን አይደርስም። የነገው አጓጓዥ የሚሸከመው ጆንያ ብቻ አይደለም፤ መረጃም ነው። ይህን የማይችል አጓጓዥ ገበሬውን የሚያሳጣው ቀን ሳይሆን ገበያ ነው።

እንግዲህ ከባለሥልጣናቱ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየወሩ ስንት ኮንቴይነር እንደዘገየ፣ የት እንደዘገየና ስንት ቀን እንደዘገየ በይፋ ይታወጅ። ከአጓጓዦቹም፣ የመንግሥትም ሆኑ የግል፣ ውላቸው ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር እጠይቃለሁ፤ ባዘገየንው ቀን ልክ እንከፍላለን የሚል። ያ መስመር በውሉ ላይ እስኪሰፍር ድረስ የዘገየው ቀን ሒሳብ አድራሻ የታወቀ ነው፤ ካፋ ዞን፣ ሺሺንዳ።

ቸር እንሰንብት።