የሞላው አንድ ቤት ነው፤ የደፈንነው ግን ሁላችን ነን

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሑድ ጧት ከታችኛው ግቢ አንድ ልጅ መጥቶ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ፤ እማማ ቤት ደግሞ ሞልቷል» አለኝ። ስደርስ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ካለው ማፍሰሻ ጥቁር ውኃ እየተንደቀደቀ ይወጣል። ኮሪደሩን አልፎ መኝታ ቤት ገብቷል። እማማ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው አልጋ ላይ አውጥተው፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል። «ልጄ፣ የራሴ ቢሆን ምን ይከፋኝ ነበር፤ የሰው ነው እኮ» አሉኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህንን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

እማማ ቤት በዓመቱ ውስጥ ሲሞላ ያ አራተኛው ነበር። በፊተኞቹ ሦስት ጊዜያት ምን አደረግን? ሽቦ ያለው ሰው ተጠራ፤ ወጋ ወጋ አደረገው፤ ውኃው ጎደለ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከፋይዋም እማማ ነበሩ፣ ከጡረታቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው በያው። ሽቦ ቀዳዳ ይበሳል እንጂ የተከማቸውን አያወጣም። አንዳንዴም ከአንዱ ግቢ ገፍቶ ለሚቀጥለው ግቢ ያስረክበዋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነገሩን ከሥሩ አልያዝነውም።

ሥሩ ምንድን ነው ቢባል፣ የእኛ ስድስት ግቢዎች የሚጋሩት አንድ የፍሳሽ መስመር ነው። ከላይኛው ግቢ ተነሥቶ በየጓሯችን ያልፍና በእማማ ግቢ በኩል ወጥቶ መንገድ ዳር ካለው ዋና መስመር ይገናኛል። ቤቶቹ ሲሠሩ ለአንድ ግቢ አንድ ቤተሰብ ታስቦ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ግን ግቢዎቻችን እየተከፈሉ ሄዱ፤ ሰርቪሱም ራሱን የቻለ ቤት ሆነ። ሰዉ በዛ፤ ቱቦው ግን ያው የጥንቱ ባለ 4 ኢንች የሲሚንቶ ቱቦ ነው።

የዚያን ዕለት ፖዜቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትን። ለማያውቅ ልንገር። አንድ ሳህን ማጠቢያ ብቻ እምቢ ካለ የራሱ የሲፎኑ ጣጣ ነው። ሽንት ቤት ውኃ ሲለቀቅ በወለሉ ማፍሰሻ የሚመለስ ከሆነ ግን የታመመው ዋናው መስመር ነው። ፖዜቶ ተከፍቶ ሞልቶ ከተገኘ ድፍኑ ከእሱ በታች ነው፤ ደረቅ ከሆነ ደግሞ በእሱና በቤቱ መካከል ነው። የእማማ ፖዜቶ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ከበታቹ ቆፍረን ያወጣነው የረጋ ሞራ፣ የቡና አተላ፣ ጨርቅ፣ ሞዴስና የሕፃን ዳይፐር ነው። እማማ ቤት ሕፃን ካደገ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ታዲያ ዳይፐሩ የማን ነው? መልሱን ለየራሳችን ልተወው።

ቱቦውም ሆድ ጥሏል። ባለ 4 ኢንች ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት፤ 10 ሜትር ቢሄድ 20 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የእኛው በውኃ ልክ ሲታይ መሀሉ ጎድጉዷል። ትኩስ ሆኖ የተደፋው የወጥ ቅባት እዚያ ሲደርስ ይበርድና ይረጋል፤ ሌላው ቆሻሻ በእሱ ላይ ይያዛል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። የቤቴን የጣራ አሸንዳ ከፍሳሹ መስመር ያገናኘሁት እኔው ነኝ። ጓሮዬ ጭቃ እንዳይሆን ብዬ ነው። በኋላ ተቀምጬ ሳሰላው 80 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1600 ሊትር ውኃ ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ስምንት ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ዝናብ በአሮጌው ቱቦ ሲገባና መውጫ ሲያጣ በእማማ ወለል ይወጣል። ያንኑ ሳምንት ነቀልኩት። እንደ እኔ ያደረጋችሁ አላችሁ፤ ስም አልጠራም።

አንዳንድ ጎረቤቶች «የእኔ ቤት ሞልቶ አያውቅም፤ ለምን እከፍላለሁ?» ትላላችሁ። ከላይ ያለ ሰው ቤቱ የማይሞላው ተጠንቅቆ ስለሆነ አይደለም፤ ከላይ ስለሆነ ነው። የላከው ሁሉ ወደ ታች ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ «የመንግሥት ቤት ነው፤ መንግሥት ይሥራው» ትላላችሁ። መጠየቁን አንተው፤ በጽሑፍም ጠይቀናል። መልሱን ስንጠብቅ ግን ክረምቱ አይጠብቀንም። ዳይፐሩንም መንግሥት አልጣለውም። በእኔ አስተያየት ወጪው ለስድስቱም ግቢ እኩል መድረስ አለበት፤ ከእማማ ግን እስካሁን የከፈሉት ይበቃል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ማንም ሰው ወደ ጥልቅ ፖዜቶ ወይም ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ እንዳይገባ። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ማሽተትንም ያጠፋና ሰውን ይጥላል። ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይሞታል። አሲድና በረኪናም ደባልቃችሁ አትድፉ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል፤ አሲዱም የሲሚንቶውን ቱቦ ይበላዋል።

እንግዲህ ሰኔ ሳይገባ እንዲህ ብናደርግ እላለሁ፦

1ኛ/ አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመር ያገናኘ ሁሉ ይንቀል፤ የዝናቡ ውኃ በራሱ ቦይ ይሂድ።

2ኛ/ ሆድ የጣለው የቱቦው ክፍል ወጥቶ በፕላስቲክ ቱቦ፣ ልኩን በጠበቀ ቁልቁለት ይተካ።

3ኛ/ እያንዳንዱ ግቢ ፖዜቶውን በየሦስት ወሩ ከፍቶ ይመልከት፤ ክዳን የሌለው ያስከድን።

4ኛ/ ቅባት በወረቀት ተጠርጎ፣ አተላም ተጠልሎ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል። ጨርቅ፣ ሞዴስና ዳይፐር ሽንት ቤት አይግባ።

በዚሁ ጉዳይ ለመነጋገር በመጪው እሑድ ከቀኑ በ9 ሰዓት በማኅበሩ ቤት እንገናኝ። «አልሰማሁም» የሚል እንዳይኖር በየበሩ እዞራለሁ። ከስብሰባው በፊት ግን እያንዳንዳችሁ እማማ ቤት ጎራ ብላችሁ የግድግዳውን እርጥበት እንድታዩ እለምናለሁ። ውኃው የደረሰበት ልክ እስከ አሁን ይታያል።

ከአክብሮት ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ