የነጋዴ ስምና የኢሜይል ማኅተም

አንድ የንግድ ቤት ለባንክ ወይም ለውጭ አገር ደንበኛ ደብዳቤ ሲጽፍ፤ አርማው በታተመበት ወረቀት ላይ እንደሚጽፍ፤ በወጪ መዝገብ ቁጥር እንደሚሰጠው፤ ሥራ አስኪያጁም ፈርሞ ማኅተም ሳያርፍበት ከቢሮ እንደማይወጣ የታወቀ ነው። ማኅተሙም በካዝና ተቈልፎ ያድራል። ዳሩ ግን ይኸው ቤት ፕሮፎርማውን፤ የመርከቡን ቀንና የባንክ ሒሳቡን ቁጥር በኢሜይል ሲልክ፤ ስሙን ማንም መንገደኛ እንዲጠቀምበት ክፍት ትቶት መገኘቱ እጅግ የሚያስገርም ነው።

የኢሜይል መላላኪያ ደንብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓ. ም. ሲጻፍ፤ ላኪው እኔ እገሌ ነኝ ማለቱ እውነት መሆኑን የሚመረምርበት ክፍል አልነበረውም። በፖስታ ጀርባ ላይ የሚጻፍ የላኪ ስም ማለት ነው፤ የፈለገ የፈለገውን ይጽፋል። ስለዚህ አንድ አታላይ በቡና ላኪው ስም ለሐምቡርጉ ገዢ፤ «ሒሳባችን ስለ ተለወጠ ክፍያውን በሚከተለው ቁጥር ላኩልን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በዚህና ይህን በመሰለ የንግድ ኢሜይል ማታለል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ. ም. ብቻ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደ ተመዘገበ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ አስታውቋል።

መከላከያው ዲ ኤን ኤስ በሚባለው የዶሜይን መዝገብ ውስጥ የሚገቡ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ናቸው። ኤስ ፒ ኤፍ የንግድ ቤቱን ደብዳቤ እንዲያደርሱ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ስም ዝርዝር ነው፤ አንድ ዶሜይን ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ዝርዝር ካለው ግን ምርመራው ይበላሻል። ዲኪም ማኅተሙ ነው፤ የሚያትመው ምስጢራዊ ቁልፍ በላኪው ዘንድ ሲቀር፤ የሚያረጋግጠው ቁልፍ በመዝገቡ ለሁሉ ይገለጣል። ሦስተኛው ዲማርክ ነው። ኤስ ፒ ኤፍ ብቻውን የሚመረምረው የተሰወረውን የመመለሻ አድራሻ እንጂ አንባቢው በዓይኑ የሚያየውን የላኪ ስም ስላልሆነ፤ ሁለቱን ከሚታየው ስም ጋር የሚያስተያየውና ያልተስማማውን ምን እንደሚያደርጉበት ተቀባዮችን የሚያዘው ይኸው ዲማርክ ነው።

ትእዛዙም ሦስት ዓይነት ነው፦ ዝም ብለህ አሳልፍ፤ ለይተህ አስቀምጥ፤ አትቀበል። በመጀመሪያው መጀመር ተገቢ ነው። ለጥቂት ሳምንታት የሚመጡትን ሪፖርቶች ቢመለከቱ፤ የተረሳው የሒሳብ ፕሮግራም ወይም የማስታወቂያ መላኪያ በንግድ ቤቱ ስም ሲጽፍ ይገኛልና፤ እርሱም በዝርዝሩ ይገባል። በዚያው መቅረት ግን ዘበኛ ቀጥሮ ሌባውን እየቈጠረ እንዲያሳልፍ ከማዘዝ አይለይም።

«ኢሜይላችን እስካሁን ይደርሳል፤ ምን ቸገረን?» የሚሉ ይኖራሉ። ጉግልና ያሁ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከየካቲት 2024 ዓ. ም. ጀምሮ ከማናቸውም ላኪ ቢያንስ ኤስ ፒ ኤፍ ወይም ዲኪም፤ በብዛት (በጉግል መለኪያ በቀን 5,000 ያህል ወይም ከዚያ በላይ) ከሚልከው ደግሞ ሦስቱንም ይጠይቃሉ። ፕሮፎርማው ስፓም ውስጥ ገብቶ ሲቀር፤ ነጋዴው ገዢው ዝም አለ ብሎ ያዝናል።

ይህ ሥራ ከባለሙያው የጥቂት ሰዓት ድካም በቀር ብዙ ወጪ የለውም። የሚከብደው ሌላ ነው። በብዙ ንግድ ቤቶች የዶሜይኑ የይለፍ ቃል የሚገኘው ድረ ገጹን በሠራው ወጣት እጅ ነው፤ አንዳንዴም ዶሜይኑ የተመዘገበው በእርሱው ስም ነው። ይህ የሱቅን ቁልፍ ሰሌዳውን ለጻፈው ሠዓሊ ትቶ እንደ መሄድ ይቈጠራል። ምዝገባው በድርጅቱ ስም ሊዞር፤ የይለፍ ቃሉም ከማኅተሙ ጋር በካዝና ሊቀመጥ ይገባል።

ሦስቱ ጽሑፎች አንድ ፊደል ለውጦ የተመዘገበን ተመሳሳይ ዶሜይን ወይም የይለፍ ቃሉ የተሰረቀበትን ሣጥን አያግዱም። ስለሆነም የሒሳብ ቁጥር ለውጥ የሚነግር ኢሜይል በደረሰ ጊዜ፤ ገንዘብ ያዡ በመልእክቱ ውስጥ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በመዝገቡ በያዘው የስልክ ቁጥር ደውሎ ሳያረጋግጥ ክፍያ ባይፈጽም ይሻላል።