የድረ ገጹ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሊያሠራ ሲነሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መልክ ነው። አርማው የት ይቀመጥ፣ የኃላፊው ፎቶ ምን ያህል ይጉላ፣ ቀለሙ ምን ይሁን? ድረ ገጹ ተመርቆ ዓመት ሳይሞላው ግን «አዳዲስ ዜናዎች» የሚለው ዓምድ የምረቃውን ዜና እንደያዘ ደርቆ ይቀራል። ሠሪው ድርጅት ውሉን ጨርሶ ሄዷል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባለሙያም ሥራ ለቋል። ቀለም የመረጠው ኮሚቴ ከጀርባ ስላለው ሞተር አልጠየቀም ነበር።

ያ ሞተር የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይባላል። ኮድ የማያውቅ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ጽሑፍና ፎቶ የሚያስገባበት፣ የሚያርምበትና የሚያትምበት ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ድሩፓል፣ በ2003 የተጀመረው ዎርድፕሬስና በ2005 የመጣው ጁምላ በሰፊው ይታወቃሉ። ሦስቱም ክፍት ምንጭ ናቸው፤ ለፈቃድ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። ዎርድፕሬስ ብቻውን ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ ይሸከማል።

«በነጻ ነው» የሚለው ቃል ግን ያዘናጋል። በነጻ የሚገኘው ሶፍትዌሩ እንጂ ጥበቃው አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በድሩፓል ላይ አደገኛ ክፍተት ተገኘ። የደኅንነት ቡድኑ ማስተካከያውን አወጣ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ክፍተቱ ይፋ በሆነ በሰባት ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ ድረ ገጽ ሁሉ እንደተሰበረ ይቆጠር ሲል አስጠነቀቀ። ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ለመድረስ ቀናት በሚፈጅበት መሥሪያ ቤት ሰባት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ክፍት ምንጭ መሆኑም ከሰው ጠብ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዎርድፕሬስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ማት ሙለንዌግ ደብሊውፒ ኤንጂን ከተባለ የሆስቲንግ ኩባንያ ጋር ተጋጭቶ ኩባንያውን ከዎርድፕሬስ ዶት ኦርግ አገደው። በጠቡ ውስጥ እጃቸው የሌለበት ደንበኞች ፕለጊኖቻቸውን እንደ ወትሮው ማደስ አቃታቸው። አገልግሎቱ እንዲመለስ ያዘዘው በታኅሣሥ ወር የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ነው።

ታዲያ ከባዶ ማሠራት ይሻላል? ያ ደግሞ ጥገኝነቱን ወደ አንድ ሠሪ ያጠብበዋል፤ እሱ ሲጠፋ ኮዱን የሚያነብ ሌላ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። «ቴሌግራምና ፌስቡክ ይበቃናል» የሚሉም አሉ። ለዜና ይበቁ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣን መመሪያ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ተመን የሚፈልግ ባለጉዳይ ግን በሺህ መልእክቶች መካከል መቆፈር የለበትም። ደግሞም የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩ ሕጉን ባሻው ቀን ይለውጣል።

ስለዚህ መመዘኛው ስም ሳይሆን ጥያቄ ነው። ዶሜኑ የተመዘገበው በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው ወይስ በሠሪው? ዝማኔውንና ባክአፑን በየሳምንቱ የሚሠራው ማነው፣ በየትኛው በጀት? ነገ ሥርዓቱ ቢቀየር ይዘቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል?

አማርኛም የራሱ ጥያቄ አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችግር አይደለም፤ መፈለግ ግን ነው። «ዓዋጅ» ብሎ የጻፈ ሰው «አዋጅ» ተብሎ የተቀመጠውን ሰነድ ያገኛል? «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ መሆናቸውን መፈለጊያው ያውቃል? መመሪያው ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ ከተጫነ ደግሞ በየትኛውም ፊደል አይገኝም።

እነዚህን ጥያቄዎች ጨረታው ላይ ያልጻፈ መሥሪያ ቤት በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ድረ ገጽ ያስመርቃል፤ የቀድሞው ሰነድ ከአሮጌው ጋር ይጠፋል። ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ግብር ከፋዩ ነው፤ አንድ ገጽ መረጃ አጥቶ ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣውም እሱው ነው።