መንገድ የወለደው ከተማ የትኛው ነው?

በነቀምቴ ለወጣቶች በተደረገ አንድ ሥልጠና ላይ፣ ትምህርት እንዲሰጡ የተጋበዙ አንድ ባለሙያ ካታን የተባለውን የገበታ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ «መንገድ ያልደረሰበት ቦታ መንደር አይቆምም፤ የጨዋታው ሕግ ይህ ነው፣ የልማትም ሕግ ይኸው ነው፤ ወለጋ ወደ ኋላ የቀረችው ይህን ቅደም ተከተል ስላላወቀች ነው» ብለው መናገራቸውን ከሰማሁ ጀምሮ፣ ነገሩ የጨዋታ ነገር ነው ብዬ ልተወው ብሞክር ኅሊናዬ እሺ አላለኝም። አንድ ሰው ባንድ አዳራሽ ውስጥ የተናገረው ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው በቀረ ነበር፤ ነገር ግን «መንገድ ይቅደም፣ ሰው ይከተላል» የሚለው ቃል በየዕቅዱ መቅድም፣ በየምረቃው ዲስኩር፣ በየዜናው መግቢያ እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም የኖረ፣ ማንም ከየት መጣ ብሎ ሳይመረምረው ሥልጣን ያገኘ እምነት ስለ ሆነ፣ እኒህ ሰው ለእምነታቸው ምስክር አድርገው የጠሩትን ጨዋታ እኛም ጠርተን ቃሉን መስማት ይገባናል።

ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው በዚህ ጨዋታ፣ አንድ መንገድ ለመዘርጋት አንድ ጡብና አንድ እንጨት፣ አንድ መንደር ለማቆም ደግሞ ጡብ፣ እንጨት፣ የበግ ጠጕርና እህል አንዳንድ ይከፈላል፤ አዲሱም መንደር ከተጫዋቹ መንገድ ጋር ካልተያያዘ፣ ከሌላውም መንደር ቢያንስ የሁለት መንገድ ርቀት ከሌለው ሊቆም አይችልም። አሠልጣኙ የያዙት ይህንኑ ነው። የያዙት ግን የሕጉን ጅራት እንጂ ራሱን አይደለም፤ ጨዋታው ሲከፈት፣ በገበታው ላይ የራሱ የሆነ አንድም መንገድ ሳይኖረው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች መሬቱን ዐይቶ፣ የትኛው ስፍራ እህል፣ የትኛው ማዕድን፣ የትኛው እንጨት እንደሚያወጣ መዝኖ፣ በየመሬቱ ላይ የተጻፈውን አኃዝ አስልቶ፣ የመጀመሪያ መንደሩን በመረጠው ስፍራ ያለ ዋጋ ያቆማልና። መንገድ የሚቀጠለው ከዚያ በኋላ፣ ከቆመው መንደር ተነሥቶ ነው፤ ሁለተኛውም መንደር እንዲሁ ያለ መንገድ ይቆምና መንገዱ ይከተለዋል። ዐዋቂ ተጫዋቾችም ድልና ሽንፈት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ምርጫ መሆኑን ይመሰክራሉ። የሕጉን የመጀመሪያ ገጽ ያላነበበ ሰው በሁለተኛው ገጽ ወጣቶችን ሊያስተምር፣ ይባስ ብሎም አንድን ሀገር ላላዋቂነቱ ሊወቅስ እንዴት ይደፍራል?

«በኋላ የሚመጡት መንደሮችስ መንገድ ተከትለው አይደለምን?» የሚል ቢኖር፣ መንገዱ የሚከፈልበት ጡብና እንጨት ከየት እንደ መጣ ይጠየቅ። ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ፣ መንገድ ሳይቀድማቸው ከቆሙት መንደሮች አፈርና ደን የተሰበሰበ ነው። መንደር ያላፈራው ሀብት በጨዋታው ውስጥ አንዲት ክንድ መንገድ አይዘረጋም። አሠልጣኙ የጠሩት ምስክር እንግዲህ ቃሉን የሰጠው በራሳቸው ላይ ነው።

ጨዋታውን ትተን ወደ ምድሩ ብንመጣ፣ ምስክርነቱ ከዚህ ይልቅ የጸና ሆኖ እናገኘዋለን። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ፣ የአንገርንና የዴዴሳን ቆላ ግራና ቀኝ ቁልቁል እያየች የተቀመጠች ከተማ ናት። ሞረዳ በከሬ የሌቃ ነቀምቴን መንግሥት ከአባቱ ወርሶ ሲያጸና፣ ልጁም ኩምሳ፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በግቢው ሆኖ ሲፈርድና ሲያስገብር፣ ያ ስፍራ የተመረጠው መሐንዲስ ችካል ተክሎለት አልነበረም። ደጋው ወባውንና ገንዲውን ያርቃል፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ወርቅ፣ ከወዲህ ያለው ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ የሚገናኘው በዚያ ነው፤ ሰው የሰፈረው ይህን ዐይቶ ነው። ዛሬ እየተጎበኘ ያለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የቆመለት መንበር የጸናው፣ የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ለዐፄ ምኒልክ ከመታየቱ አስቀድሞ ነው። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ነቀምቴን የወለዳት የትኛው መንገድ ነው? ያልተወለደ አባት ልጅ ወለደ ካልተባለ በቀር መልስ የለውም።

ከዚህም ወደ ኋላ እንሂድ። በጉድሩ አሰንዳቦ፣ በሌቃ ቢሎ የሚባሉት ገበያዎች በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃሙ ነጋዴ ከባሶ ገበያ ተነሥቶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ከጊቤ ማዶ የመጣውን ነጋዴ የሚገናኝባቸው ታላላቅ ከተሞች ነበሩ፤ አባ ማስያስ የተባሉት ካቶሊካዊ ጳጳስ ሐዋርያዊ ሥራቸውን ለመጀመር አሰንዳቦን የመረጡት ሰው ተሰብስቦ ስላገኙ እንጂ ጥርጊያ ጎዳና ስላገኙ አልነበረም። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ሜዳ ያን ያህል ደም ያፈሰሱት ስለ ምን ነበር? የነዚህን ገበያዎች ግብርና የወርቁን በር ለመያዝ ነው። ለባዶ ምድር ንጉሥ ከንጉሥ አይዋጋም፤ ሀብቱም ሰዉም አስቀድሞ እዚያ ነበረ።

አሠልጣኙ የርቀቱን ሕግ፣ ማለትም መንደር ከመንደር እንዳይጣበቅ የሚያዘውን፣ እንደ አዲስ ጥበብ ማቅረባቸው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስቆጥቶኛል። የወለጋ ገበሬ ይህን ሕግ ከማንም ሳይማር በገበያው ቀን ሲጠብቀው ኖሯል። አንዱ ገበያ ቅዳሜ ቢውል ጎረቤቱ ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ሐሙስ ይውላል፤ ቅቤና ማር ሻጪቱ ባንድ ቀን እግር ደርሳ የምትመለስበት፣ ነጋዴውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ሳምንቱን የሚሞላበት ርቀት ተለክቶ፣ በሽማግሌ ፊት ተመክሮ የጸና ሥርዐት ነው። አንዱ ገበያ ቀኑን ቢለውጥ የስንቱ ገበያ ሚዛን እንደሚናጋ የሚያውቀው ባለ ገበያው ነው። ይህን የሚያህል ዕውቀት ያለውን ሕዝብ ቅደም ተከተል አያውቅም ብሎ መናገር ድፍረት ብቻ ሳይሆን በደል ነው።

ትምህርትም ቢሆን ጎዳና ጠብቆ አልመጣም። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትሞ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር፣ አውቶሞቢል በሀገሪቱ ገና አልታየም። የሰዮና የቄለም ቡና በሰው ጫንቃና በበቅሎ ወርዶ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ውል ለንግድ በተከፈተው በጋምቤላ ወደብ፣ ክረምት ባሮን ሲሞላው በሚመጣው መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በቡና ንግድ ዓለም ዛሬ «ለቀምት» እየተባለ የሚጠራው ቡና ስሙን ያገኘው ገበያው ከቆመበት ከተማ ነው። ወደ ዩብዶም የውጭውን ሰው የጠራው በምድሩ ውስጥ ያለው ፕላቲን ነው፤ መንገዱ የመጣው እርሱን ሊያወጣ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። የካታን ደሴት ባዶ ናት፤ ተጫዋቹ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው፣ የሚጠይቀው ባለ ርስት፣ የሚያልፍበት መቃብር የለም። በጨዋታ ይህ ነውር አይደለም። ወለጋን ግን እንደዚያች ደሴት ባዶ አድርገው ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ካርታውም በእጃቸው፣ ሥልጣኑም በእጃቸው ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በድርቅ የተጎዳ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጋዝ፣ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው ወለጋ ነበረች፤ አሶሳና አንገር ጉትን በዚያ ዘመን ስማቸው በየዕለቱ በራዲዮ ይሰማ ነበር። ሰፈራው የተተለመው ጠፍ መሬት ነው ተብሎ ነው። ጉሙዙ፣ በርታው፣ ማኦው፣ ኦሮሞው ግን እያደነበትና እያሳደረ ሲያርሰው፣ ንብ ሲያንብበት የኖረ ምድር ነበር። ደገኛው ቆላውን ለምን ትቶት እንደ ኖረ የጠየቀ ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ፣ ወባው ሰውን፣ ገንዲው በሬን እንደሚፈጅ ባገሬው አፍ በተነገረው ነበር፤ ከደጋ የመጣው ምስኪን ግን ይህን የተማረው ልጁን ቀብሮ፣ በሬውን ጥሎ ነው። መንገዱ ተጠርጎ፣ ካሚዮኑ መጥቶ፣ ሰዉ በመንገዱ ጫፍ ወርዶ ነበር። የአሠልጣኙ ቅደም ተከተል አንዲት ነጥብ ሳትጎድለው ተፈጽሟል።

ከዚያ ቀጥሎ የመንደር ምሥረታው መጣ። በመላው ሀገር 12 ሚሊዮን ያህል ገበሬ ከቀዬው ተነሥቶ፣ ገመድ ተዘርግቶ በቀጥታ መሥመር በተለካ ስፍራ ጎጆውን እንዲቀልስ ተደረገ፤ የተሰጠው ምክንያትም ዛሬ ከምንሰማው አይለይም፤ መንገድ፣ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በቀላሉ እንዲደርሰው የሚል ነው። ገበሬው ማሳው ርቆበት፣ ከብቱ የሚውልበት ጠፍቶበት፣ ሌሊት ጦጣና ከርከሮ በቆሎውን ሲጨርሰው ከሩቅ እየሰማ ዓመታት አሳለፈ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ፣ ትእዛዝ ሳይጠብቅ የቤቱን ወጋግራና መዝጊያ እየነቀለ ወደ ቀድሞው ቀዬው ተመለሰ፤ በብዙ ስፍራ ያ ሁሉ የቀጥታ መሥመር በወራት ውስጥ ፈርሶ ሣር በቀለበት። በዚያ የተፈተነና የወደቀ ሐሳብ ከጀርመን ጨዋታ ጋር ተጠቅልሎ ስለ መጣ ብቻ አዲስ ይሆናልን?

ዛሬም ቢሆን ከባኮ ወደ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴም ወደ ጊምቢ የሚጓዝ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ይመልከት። አስፋልቱ ዳር ፊቱን ወደ መኪናው፣ ጀርባውን ወደ ምንጩ አዙሮ የተደረደረ የቆርቆሮ ሱቅ አለ፤ ከሱቁ ኋላ የአንጮቴው ጓሮ ለሱቁ ማስፊያ ተቈርሶ አጥሩ ወድቋል፤ ቢጫ ጀሪካን ያዘለች ልጅ ከታች ከወንዙ ወጥታ አይሱዙው እስኪያልፍ በአስፋልቱ ጠርዝ ቆማ ትጠብቃለች። ውሃው መንገዱን አልተከተለም። በፎቶግራፍ ግን ይህ «መንገድ የፈጠረው ከተማ» ተብሎ ይታያል። በቅርብ ዓመታት ጸጥታ ደፍርሶ መኪና በቆመ ጊዜ፣ ኑሮውን በሚያልፍ መኪና ላይ ብቻ የመሠረተው ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በጨዋታው ወንበዴው ማሳ ይይዛል፣ ካርታም ይሰርቃል እንጂ መንገድ አይዘጋም፤ ይህንንም ቢሆን አሠልጣኙ ለወጣቶቹ መንገር ነበረባቸው።

መንገድ አይሠራ የምል አይደለሁም፤ ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ ዴዴሳን የተሻገረ ሕዝብ ለመንገድ ያለውን ናፍቆት ማንም ሊነግረው አይችልም። የምጠይቀው መንገዱ የሚወጣበትን መንደር አስቀድሞ የሚያውቅ ዕቅድ ነው። ችካል ከመተከሉ በፊት የገበያዎቹ ቀን ይጻፍ፤ ምንጩ የት እንደሆነ፣ ክረምት የትኛው ጅረት የትኛውን ቀበሌ እንደሚቈርጥ ባገሬው አፍ ይጠየቅ፤ የማን መቃብር፣ የማን ቀፎ በዚያ እንዳለ ይታወቅ። ለነዚህ መልስ የሌለው ወረቀት ወደ ወረዳው በመጣ ጊዜ፣ የገንዘቡ ብዛት የቱንም ያህል ቢሆን፣ ሽማግሌዎቹ ሳይፈርሙ ወደ መጣበት ሊመልሱት ይገባል።