"ዳኛ አውቃለሁ" የሚል ጠበቃ ይቅርብን

ሽንፋን የማታውቁ ካላችሁ አትሸማቀቁ፤ ሳይንቲስቶቹ ያውቋታል፡፡ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ ይበሉ እንደነበር፣ የቀስት ጫፍ ሳይሆን አይቀርም የተባለ ሹል ድንጋይም ትተው እንዳለፉ ነግሮናል፡፡ እሰየው! የዚያን ዘመን ሰው ምሳ አውቀናል፡፡ ዛሬ እዚያው አገር ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ደመወዙን የተካደ ሰው ግን የያዘለትን ጠበቃ ማንነት በምን ይወቅ?

ነገሩ የሽንፋ ብቻ አይደለም፡፡ ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን "ምንጭህ ማን ነው? በምን አወቀ?" ብለን እንድንጠይቅ ነበር፡፡ እስቲ እኛው ከተሜዎቹ ጠበቃ ስንፈልግ የምንጠይቀውን እናስታውስ፡፡ "ፈቃዱ ታድሷል ወይ?" እንላለን? "እንዲህ ያለ ጉዳይ ከዚህ በፊት ይዞ ያውቃል?" እንላለን? የለም! ጥያቄያችን አንድ ነው፤ "ዳኛ ያውቃል?" የቀድሞ ዳኛ ከሆነማ ሰርግና ምላሽ ነው፡፡ ዋጋው የሚሰቀለው ሕግ በማወቁ ሳይሆን ሰው በማወቁ ነው፡፡

እኛ ደግሞ እንላለን፤ "ዳኛ አውቃለሁ" ችሎታ አይደለም፡፡ ዳኛውን መስደብ፣ ደንበኛውን መዝረፍ ነው፡፡ ከሁለት አንዱ ነውና፡፡ ውሸቱን ከሆነ አታሎ ገንዘብ ወስዷል፡፡ እውነቱን ከሆነና ትውውቁን እየሸጠ ከሆነ ደግሞ፣ የሙስና ወንጀሎችን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 881/2007 "በግል ተሰሚነት መነገድ" በሚለው ወንጀል ደጃፍ ላይ ቆሟል፡፡ እኛም "ዳኛ ያውቃል?" እያልን ገበያውን ስናደራለት ኖረናል፡፡

ይህ ገበያ በቆላው ላይ ይበረታል፡፡ የመተማና የቋራ ምድር የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፡፡ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው ቀን ሠራተኛ "ሳሉግ" ይባላል፡፡ አገሩ ሩቅ ነው፤ ዘመድ የለው፤ ውሉም ብዙ ጊዜ የቃል ነው፡፡

ሕጉ ለሳሉግ አልጨከነም፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ልዩ ፎርም አያስፈልገውም ይላል፤ የቃል ውልም ውል ነው፡፡ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፡፡ ነገር ግን አንዲት ወጥመድ አለች፤ ያልተከፈለ ደመወዝ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፡፡ ጥቅምት ላይ የተካደ ሰው ግንቦት ላይ ቢመጣ አሠሪው "ይርጋ!" ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል፡፡ ይህን ቀድሞ የሚነግረው ማን ነው? ዳኛ የሚያውቅ ሳይሆን ስድስቷን ወር የሚያውቅ ጠበቃ!

እስቲ አንድ ሳሉግ እናስብ፡፡ አቤት ሊል ከሽንፋ ተነስቶ ፍርድ ቤት ደጅ ደረሰ እንበል፡፡ ኮት የለበሰ፣ ፋይል ያቀፈ ሰው ጠጋ አለው፡፡ ጠበቃ ይሁን ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ይሁን ደላላ በምን ይለየው? "ዳኛው የኔ ሰው ነው፤ ትንሽ ነገር ብቻ ያዝ" ቢለው፣ የሰሊጥ ብሩን በተካደ እጁ የሥንቁን ብር ቆጥሮ ይሰጠዋል፡፡ ከዚያ "ነገ ና፣ ሳምንት ና" እየተባለ ስድስቷ ወር ታልፋለች፡፡

አዲስ አበባ ላይ ጠበቃ በደንበኛው አፍ ይታወቃል፡፡ የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ሲታሰሩ የቆሙላቸውን አቶ አምሃ መኮንንን ብዙዎቻችን ያወቅናቸው ክርክሩ ስለተጻፈልን ነው፡፡ ደንበኞቹ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ስለ ችሎታቸው የሚጽፍ ወዳጅም ነበራቸው፡፡ ሳሉጉ ግን ማን ይጻፍለት? ከጠበቃው ያገኘው በጎም ይሁን ክፉ ጠላ ቤት ተወርቶ ይቀራል፡፡ ስለዚህ ክፉው ጠበቃ አይከስርም፤ ደጉም አይከብርም፡፡ በዚህ የሚጎዳው ደንበኛው ብቻ አይደለም፤ ለድሃ ሲሟገት የኖረው ሐቀኛ ጠበቃም ጭምር ነው፡፡

"መንግሥት ጠበቃ ያቆምለት የለም እንዴ?" የሚለን አይጠፋም፡፡ አዎ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ይላል፡፡ ግን ለማን? ለተከሰሰ ሰው፡፡ ሳሉጉ ሰረቀ ተብሎ ቢከሰስ ይህ አንቀጽ ሊደርስለት ይችላል፤ ላቡን ሲሰረቅ ግን አይደርስለትም፡፡ የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያገልግል ብሎ ነበር፡፡ ደንቡ የፌዴራል ነውና ቆላ ድረስ ባይወርድ አይገርመንም፤ ሐሳቡ ግን ይውረድ፡፡

ጠበቆች እንደሚቆጡን እናውቃለን፡፡ "የተረታ ሁሉ ጠበቃውን ይረግማል፤ የደንበኛ ሐሜት መመዘኛ ሊሆን ነው?" ይሉናል፡፡ እውነታቸውን ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን ባመሰው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ እገታ እየተፈራ ቀጠሮ የሚያከብር ጠበቃ ምስጋና እንጂ ሐሜት አይገባውም፡፡ ለዚህ ነው ሐሜት ሳይሆን መዝገብ የምንጠይቀው!

ጥያቄያችን ሦስት ነው፡፡ አንደኛ፣ በየፍርድ ቤቱ በር ላይ በትልቅ ፊደል የጠበቆች ዝርዝር ይለጠፍ፤ ስማቸው፣ ፈቃዳቸው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠሩ፣ ቀድሞ ምን እንደነበሩ፣ በዲሲፕሊን ተቀጥተው እንደሆነም ይጻፍ፡፡ ማንበብ ለማይችልም የሚያነብለት ይመደብ፡፡ ሁለተኛ፣ ደንበኛው የከፈለው ብርና ጠበቃው የገባው ግዴታ በወረቀት ይሁን፤ አንዱ ቅጂም በደንበኛው ኪስ ይግባ፡፡ ሦስተኛ፣ በጠበቃ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በቃልም ይሰማ፤ ውሳኔውም ለአቤት ባዩ ይነገረው፡፡ የፍትሕ ቢሮውን ቤሳ የማያስወጣ አይደለም፤ ግን ችሎት መገንባት አይደለም፤ ሰሌዳና መዝገብ ነው፡፡

አባቶቻችን ለሰው የሚሟገተውን "ነገረ ፈጅ" ይሉት ነበር፤ ነገርን የሚጨርስ ለማለት እንጂ ብር የሚፈጅ ለማለት አልነበረም፡፡ እናንተም ከእንግዲህ "ዳኛ የሚያውቅ ጠበቃ አለህ?" የሚል ወዳጅ ሲመጣባችሁ "ሕግ የሚያውቅ አለኝ" በሉት፡፡ ሰሌዳው ግን መለጠፍ ያለበት ሰሊጡ ሳይታጨድ ነው፡፡ ከታጨደና ደመወዙ ከተካደ በኋላ ስድስቷ ወር መቁጠር ጀምራለች፡፡