ከውኃ በታች ያለችው ዝንብ

ትራውት የሚባለው ዓሣ በቀዝቃዛና በጠራ ወንዝ የሚኖር፣ ዐይኑ የነቃ፣ የሰው ጥላ ሲያይ የሚሸሽ ፍጥረት ነው። ይህን ዓሣ በትል ሳይሆን ከላባና ከክር በተሠራች ዝንብ ማጥመድ በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ እንደ ጥበብ ይቈጠራል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን በውኃ ላይ ስለምትንሳፈፈው ዝንብ አይደለም፤ ከውኃ በታች ስለምትሄደውና እንግሊዞች ኒምፍ ስለሚሏት ነው። በእርስዋ ምክንያት ብዙ ክርክር ተደርጓልና፣ የክርክሩም ነገር ዕድሜውን በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ለሚያሳልፍ እንደ እኔ ላለ ሰው እጅግ ጣፋጭ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

አስቀድሞ የነፍሳቱን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ሜይፍላይ የሚባሉት ነፍሳት ክንፍ አውጥተው በአየር የሚበሩት ለጥቂት ሰዓት ወይም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ በዚያም ጊዜ ምንም አይበሉም። ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዶቹም እስከ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ከወንዝ ውስጥ በድንጋይ ሥርና በሣር መካከል ይኖራሉ። ኒምፍ የሚባለው ይህ የውኃ ውስጥ ዕድሜአቸው ነው። እንግዲህ ዓሣው ሁልጊዜ የሚያገኘው ማዕድ ከታች ነው፤ ከላይ የሚመጣለት ግብዣ ግን ፈጥኖ የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ትራውት አብዛኛውን ምግቡን ከውኃ በታች መብላቱ አያስደንቅም።

ይህ እንዲህ ሳለ፣ ፍሬድሪክ ሃልፎርድ የተባለ ሰው በ1886 ስለ ተንሳፋፊ ዝንብ አሠራር መጽሐፍ ካወጣ በኋላ፣ በደቡብ እንግሊዝ ባሉት በጠሩት ወንዞች ጽኑ ልማድ ተተከለ። ይኸውም ጨዋ ሰው የሚያጠምደው ከውኃው ፊት የሚበላውን ዓሣ አይቶ፣ በተንሳፋፊ ዝንብ ብቻ ነው የሚል ነበር። ዓሣው ከታች እየበላ ተንሳፋፊዋን ዝንብ ቢንቃት፣ አጥማጁ ዘንጉን አስቀምጦ መጠበቅ ነበረበት።

ይህን ልማድ የተቃወመው ጆርጅ ስኪውስ የሎንዶን የሕግ ሰው ነበረ። ከ1883 ጀምሮ በዊንቸስተር ከተማ አጠገብ በኢቸን ወንዝ ያጠምድ ነበር። የሕግ ሰው እንደ መሆኑም ክርክሩን በምስክር አደረገው፤ ምስክሩም የዓሣው ሆድ ነበር። በያዘው ዓሣ ሆድ የተገኘውን አውጥቶ፣ ውኃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ በትኖ፣ ነፍሳቱን አንድ በአንድ ይመረምር ነበር። ክንፍ ያላቸው ጥቂት፣ ኒምፎቹ ግን ብዙ ሆነው ሲያገኛቸው፣ መልካቸውን እያየ ዝንቦቹን በእነርሱ አምሳል ሠራ። አሳቡንም በ1910 እና በ1921፣ ኋላም በ1939 ባሳተማቸው መጻሕፍት ገለጠ። ተቃዋሚዎቹ ይህ ከድሮው ዝንብ ማስመጥ አይለይም ሲሉ ከሰሱት። በ1938 በሎንዶን የዝንብ አጥማጆች ክበብ ነገሩ በጉባኤ ፊት ተከራከረ። በዚያው ዓመትም ስኪውስ ከኀምሳ ዓመት በላይ ያጠመደበትን ወንዝ ትቶ ሄደ፤ የውኃው ተካፋዮች አካሄዱን አልወደዱለትምና። በ1949 ሲሞት ዕድሜው ዘጠና አልፎ ነበር።

በእኔ አስተያየት ሃልፎርድ የተከለው ልማድ ነበረ እንጂ ሕግ አልነበረም፤ ልማድም ምስክር ሲቀርብበት መመርመር ይገባዋል። ለሃልፎርድ ወገን ግን አንድ እውነት አለ፤ ተንሳፋፊዋን ዝንብ ዓሣው ሲውጣት ማንም ያያል፣ የሰመጠችዋን ግን የሚያይ ሳይማር አይገኝም።

ዝንቧን ስለ መምረጥ ደኅና አድርጎ ያስተማረ በዊልትሽር አውራጃ የኤቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየር ነው። እርሱ የሠራት ዝንብ በዓለም ሁሉ የታወቀች ስትሆን፣ የምትፈልገው ፌዛን ከሚባለው ወፍ ጅራት የተወሰደ ላባና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦው እንደ ክር ሆኖ ላባውን ያስራል፣ ደግሞም ክብደት ሆኖ ዝንቧን ያሰምጣል። እግር አልሠራላትም፤ ኒምፍ ስትዋኝ እግሯን ወደ አካሏ ታስጠጋለችና። እኔ ከዝንቦች ሁሉ ይህችን አስቀድማለሁ፤ ትርፍ ነገር የለባትምና።

የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ከወንዙ ድንጋይ አንሥቶ ሥሩን ይመልከት። ከዚያም በመጀመሪያ መጠኗን፣ ቀጥሎ ክብደቷን፣ በመጨረሻም ቀለሟን ያስብ። ብዙ ሰው በቀለም ይደክማል፤ ይሁን እንጂ በትክክለኛው ጥልቀት ያልሄደች ዝንብ ቀለሟ ቢያምር ምን ይረባል? በመንጠቆ ቍጥር ረገድ፣ ቍጥሩ ሲበዛ መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ በሉ፤ 16 ቍጥር ከ12 ቍጥር ታንሳለች። ውኃው ጥልቅና ፈጣን ሲሆን ከተንግስተን የተሠራ ዶቃ በራሷ ላይ ያለባት ትመረጣለች፤ ተንግስተን ከነሐስ ዕጥፍ በላይ ይከብዳልና። በቀስታ በሚሄድና ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ውኃ ግን እንዲህ ያለችው ከባድ ዝንብ ዓሣውን ታስደነግጣለች።

ስትጥሏት ከዓሣው በላይ፣ ውኃው ከሚመጣበት ወገን አርቃችሁ ጣሉ፤ እርሱ ወዳለበት እስክትደርስ የምትሰምጥበት ጊዜ ያስፈልጋታልና። ውኃ የዐይንን ብርሃን ስለሚያጥፍ ወንዙ ከሚመስለው ይልቅ ጥልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ክሩ ሳይጎትታት ከውኃው ጋራ እኩል ትሂድ። ሶየር ያስተማረው ሌላ ብልሃት አለ፤ ዝንቧ ወደ ዓሣው ስትቀርብ የዘንጉን ጫፍ በቀስታ ከፍ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ልትፈለፈል ወደ ላይ የምትወጣ ኒምፍ ትመስላለች፤ ዓሣውም እንዳታመልጠው ይከተላታል። ክሩ ጥቂት ቆም ሲል፣ ወይም የዓሣው አፍ ነጭ ሆኖ ብልጭ ሲል፣ ሳትዘገዩ ዘንጉን አንሡ።

ትራውት ለአገራችን እንግዳ ዓሣ ነው፤ በ1960ዎቹ ከኬንያ ተወስዶ በባሌ ደጋ ወንዞች ተለቀቀ። ዌብና ሻያ የተባሉት ወንዞችም በዚህ የታወቁ ናቸው። ኒምፎቹ ግን እንግዳ አይደሉም፤ ከእርሱ አስቀድሞ በደጋ ወንዞቻችን ድንጋይ ሥር ይኖሩ ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ልጆቹን ነጭ ሳህን ያስይዝ፤ ድንጋዩን ካገላበጡ በኋላ ቀስ ብለው ወደ ቦታው ይመልሱት። የፌዛን ላባ ያጣ ሰው ቡናማ የሆነ የጥንቸል ጠጉር በሽቦ ጠቅልሎ ይሞክር፤ እንግሊዞችም በጥንቸል የጆሮ ጠጉር ከሠሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።